ጨዋታ በተማሪዎች ቤት
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



የጨዋታ ቤት ነገር በተነሣ ቍጥር «የሰነፍ መዋያ፣ የኪስ ማራገፊያ ነው» የሚል ክስ ይሰማል። ክሱ ከንቱ ነው አንልም። የምሳውን ገንዘብ በከረምቡላና በጆተኒ ጨርሶ ጦሙን ክፍል የሚገባ ተማሪ መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ከመፍረዳችን በፊት በሌላ አገር በአንድ የተማሪዎች ቤት የሆነውን እንመልከት።

በአሜሪካ፣ በካሊፎርንያ፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ትሬሲደር የሚባል የተማሪዎች ሕንፃ አለ። በ1971 (እ.ኤ.አ.) በዚያው ዩኒቨርሲቲ የተማረው ቢል ፒትስ ከወዳጁ ከሂው ተክ ጋር ሆኖ፣ ሳንቲም ሲገባበት የሚያጫውት ኮምፒዩተር በዚህ ሕንፃ አቆመ። ጨዋታው ሁለት ሰዎች በየመንኰራኵራቸው ኮከብ እየዞሩ የሚታኰሱበት ነው። መሠረቱን የጣሉት በ1962 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ስቲቭ ራስልና ባልደረቦቹ ሲሆኑ፣ «ስፔስዎር» ብለውት ነበር። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተር ውድ ስለ ነበረ፣ ይህን ጨዋታ የሚያገኘው በምርምር ክፍል የሚሠራ ሰው ነበር። ሁለቱ ወጣቶች ከዚያ አውጥተው ለማንኛውም ተማሪ አቀረቡት። የቬትናም ጦርነት በተማሪው ዘንድ የተጠላበት ዘመን ስለ ነበረም፣ ጦርነት የሚለውን ቃል ትተው «ጋላክሲ ጌም» አሉት።

ዋጋው ለአንድ ጨዋታ 10 የአሜሪካ ሳንቲም፣ ለሦስት 25 ሳንቲም ነበር። ተማሪውም ተራ እየጠበቀ ይከበው ነበር። በ1972 የተሻሻለው ሁለተኛው መኪና ሲተካ ጠቅላላው ወጪ 65,000 ዶላር ያህል ደረሰ። ይህን ለመመለስ ቢያንስ 650,000 ጨዋታ ያስፈልግ ነበር! እንደ ንግድ ከታየ ኪሳራ ነው። መኪናው ግን እስከ 1979 ድረስ ተማሪን አገለገለ፤ በኋላም ተጠግኖ ለኮምፒዩተር ታሪክ ቤተ መዘክር በቃ።

እንግዲህ ልዩነቱ ምንድን ነው? አንዱ ጨዋታ ቤት የተማሪውን ሳንቲም ብቻ ይፈልጋል፤ ሌላው የተማሪውን እጅና አእምሮ ይጋብዛል። ስለዚህ የጨዋታ ክፍላችን ይዘጋ ከማለት ይልቅ የሚከተለውን እናሳስባለን። የተበላሸውን ዕቃ የቴክኒክ ተማሪዎቻችን ይጠግኑት። ተማሪ የሠራው ጨዋታ የሚታይበት አንድ ጥግ ይሰጥ። በፈተና ሳምንት ደግሞ በሩ ይዘጋ። መምህራኖቻችንም አልፎ አልፎ ብቅ ብለው ቢጫወቱ አንቀየምም፤ ተራ መጠበቅ ግን ግዴታ ነው።