ግፊያና ቆጠራ

(በአቃቂ ቃሊቲ፣ በግቢያችን አዳራሽ፣ ለማኅበሩ አባሎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ፕሬዚዳንት የሚመረጥበት ቀን ስለ ተቃረበ፣ ስለ ምርጫ ጥቂት ቃል እንድንናገር ተፈቅዶልናል። ስለ ዕጩዎቹ ጠባይና ችሎታ ለመናገር አልመጣንም፤ እርሱን ራሳቸው ያስረዱ። እኛ የመጣነው ስለ አንድ ደረቅ ነገር፣ ይኸውም ስለ ቆጠራ ለመናገር ነው።

ከእኛ መካከል ዓርብ ማታ በቃሊቲ መናኸሪያ በኩል ያላለፈ የለም። ታክሲው ገና ሳይቆም ሰዉ ይጋፋል፣ ይጮኻል፣ ይጠራራል። ወንበሩ ግን የታወቀ ነው። መኪናው ሲነሣ የሚሄደው የተቀመጠው ብቻ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የተጋፋውም አንዳንድ ጊዜ በሩ ላይ ይቀራል። በምርጫም እንዲሁ ግፊያ አለ፣ ቆጠራም አለ። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም።

ይህን የተማርነው በራሳችን ላይ ደርሶ ነው። ባለፈው ዓመት አንዱን ዕጩ ከምግብ አዳራሹ እስከ ማደሪያው ድረስ በትከሻችን ተሸክመን ዘፈንን። በማግስቱ የትምህርት ክፍል ተወካዮች ድምፅ ሲቆጠር ሌላው ተመረጠ። እኛም «ተሰረቅን!» ብለን ጮኽን፤ ብዙዎቻችንም ከዚያ ወዲህ ወደ ስብሰባ መምጣት ተውን። ኋላ መተዳደሪያ ደንቡን አውጥተን ብናነበው ሌባ አልተገኘም። ትልቁም ትንሹም የትምህርት ክፍል እኩል ተወካይ ይልካል፤ የእኛ ዘፋኞች ግን ከሁለት ክፍሎች ብቻ የተሰበሰቡ ነበሩ። ጥፋቱ የእኛው ነበር።

የእኛ ነገር ትንሽ ነው። ነገር ግን ይኸው ሒሳብ በአገራችን የመንግሥት መሪ የመረጠበት ጊዜ አለ። የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሥልጣናቸውን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን አስታወቁ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች የተነሣው የሕዝብ ተቃውሞ መንግሥቱን አናውጦት ነበር። ግፊያው ያን ጊዜ ከማን ጋር እንደ ነበረ ሁሉም ያውቃል፤ በየአደባባዩ ስማቸው የሚጠራው የኦሕዴዱ ሊቀ መንበር አቶ ለማ መገርሳ ነበሩ። ሆኖም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 73 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣል ይላል። አቶ ለማ የዚያ ምክር ቤት አባል አልነበሩም። ስለዚህ ድርጅታቸው የካቲት 15 ቀን የምክር ቤት አባል የነበሩትን ዶክተር ዐቢይ አሕመድን ሊቀ መንበር አደረገ። አንዲት የሕግ መስመር የግፊያውን ሰው አስቀርታ ሌላውን ሰው ወደ ፊት አመጣች ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ቆጠራው መጣ። የኢሕአዴግ ምክር ቤት 180 አባሎች ነበሩት፤ አራቱም ድርጅቶች፣ ኦሕዴድ፣ ብአዴን፣ ደኢሕዴንና ሕወሓት፣ እያንዳንዳቸው 45 ይልኩ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ኦሮሚያ 27 ሚሊዮን፣ አማራ 17 ሚሊዮን፣ ደቡብ 15 ሚሊዮን፣ ትግራይ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራቸው። በምክር ቤቱ ግን ሁሉም 45 ናቸው። አጋር ድርጅቶች ይባሉ የነበሩት የሶማሌ፣ የአፋር፣ የቤንሻንጉል ጉሙዝ፣ የጋምቤላና የሐረሪ ድርጅቶች ደግሞ በዚያ ምርጫ አንድም ድምፅ አልነበራቸውም።

እስቲ እናስላው። እያንዳንዱ ድርጅት ለራሱ ሊቀ መንበር ድምፅ ቢሰጥ 45 ለ45 ለ45 ለ45 ይሆናል፤ ማንም አያሸንፍም። ሁለቱ ቢተባበሩም 90 ይሆናሉ፤ ይህ ልክ ግማሽ ነው እንጂ ብልጫ አይደለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እዚህ ላይ ይሠራል፤ ዳሩ ግን ድሩ ከሁለት ቤት በላይ መፈተል ነበረበት። የብአዴኑ ሊቀ መንበር አቶ ደመቀ መኮንን ራሳቸውን ከውድድሩ አወጡ፤ ስለዚህም ድምፁ በእርሳቸውና በዶክተር ዐቢይ መካከል አልተከፈለም። መጋቢት 18 ቀን ድምፅ ሲቆጠር ዶክተር ዐቢይ 108፣ አቶ ሽፈራው ሽጉጤ 59፣ ዶክተር ደብረ ጽዮን ገብረ ሚካኤል 2 አገኙ። ድምሩ 169 ነው። ከእነዚህ ቁጥሮች ብቻ አንድ ቁም ነገር ይገኛል። የኦሕዴድና የብአዴን አባሎች አንድም ሳይቀሩ ለዶክተር ዐቢይ ሰጥተዋል ብንል እንኳ 90 ነው፤ እንግዲህ ቢያንስ 18 ድምፅ ከሌሎቹ ድርጅቶች መጥቷል። እንዲሁም ከአቶ ሽፈራው 59 ድምፅ ቢያንስ 14ቱ ከድርጅታቸው ውጭ የመጣ ነው። የድርጅት አጥር በዚያ ቀን ተጥሷል። መጋቢት 24 ቀንም አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

እንዲህ ያለው ሒሳብ በአገራችን ብቻ የሚሠራ እንዳይመስለን ወደ አሜሪካ እንሻገር። በዚያ አገር ፓርቲዎቹ የፕሬዚዳንት ዕጩአቸውን የሚመርጡት በየክፍለ ግዛቱ ድምፅ አሰጥተው፣ በድምፁ መሠረት ለፓርቲው ጉባኤ ተወካዮችን በመደልደል ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በዴሞክራቶች ዘንድ ባራክ ኦባማና ሂላሪ ክሊንተን ሲፎካከሩ ጋዜጦቹ በየሳምንቱ «ነፋሱ ዛሬ ወደ ማን ነው?» ይሉ ነበር። በአዮዋ ኦባማ አሸነፉ፤ ነፋሱ ዞረላቸው ተባለ። ከአምስት ቀን በኋላ በኒው ሃምፕሺር ክሊንተን አሸነፉ፤ ነፋሱ ተመለሰ ተባለ። የኒው ሃምፕሺር ተወካዮች ግን 9 ለ9 ነበር የተካፈሉት። በዚያ ቀን ወሬው ተለወጠ እንጂ ከዚያ ክፍለ ግዛት ማንም በአንድ ተወካይ እንኳ አልበለጠም።

ምክንያቱን የምሕንድስና ተማሪ በቀላሉ ይረዳዋል። አራት ተወካይ ባለው ወረዳ ሁለት ዕጩዎች ሲፎካከሩ፣ 60 ከመቶ ያገኘው ሁለት፣ 40 ከመቶ ያገኘውም ሁለት ይወስዳል፤ ሦስተኛውን ለማግኘት 62.5 ከመቶ መድረስ ያስፈልጋል። ሦስት ተወካይ ባለው ወረዳ ግን 51 ከመቶ ያገኘ ሁለት ለአንድ ያሸንፋል። በየካቲት 5ቱ የብዙ ክፍለ ግዛቶች ምርጫ ክሊንተን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ በሰጠበት በኒው ጀርሲ አሸንፈው በ11 ተወካይ በለጡ። በዚያው ቀን ኦባማ ሃያ አንድ ሺህ ያህል ሰው ብቻ በተሰበሰበበት በአይዳሆ አሸንፈው በ12 ተወካይ በለጡ። ትልቁ በዓል በኒው ጀርሲ ነበር፤ ትልቁ ትርፍ ግን በአይዳሆ።

ደንቡ ሲለወጥ ውጤቱም ይለወጣል። በ2016 እ.ኤ.አ. የሪፐብሊካን ፓርቲ በፍሎሪዳ ያስመረጠው አንደኛ የወጣው ሁሉን ይውሰድ በሚል ደንብ ነበር፤ ስለዚህ ዶናልድ ትራምፕ ከግማሽ ባነሰ ድምፅ 99ኙንም ተወካዮች ወሰዱ። በ1968 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁበርት ሃምፍሪ በየክፍለ ግዛቱ ምርጫ ሳይወዳደሩ በቺካጎው ጉባኤ ዕጩ ሆነው ወጡ፤ ከተወካዮቹ የሚበዙትን የሚይዙት የፓርቲው ሹማምንት ነበሩና። በዚያ ሳምንት በቺካጎ መንገድ ላይ ግፊያው ሌላ፣ በአዳራሹ ቆጠራው ሌላ ነበር።

እንግዲህ ግፊያ ከንቱ ነው ልንል ነውን? አይደለም። በፊዚክስ ሞመንተም የሚባለው መጠነ ቁስ በፍጥነት ሲባዛ ነው። ጭብጨባው ፍጥነት ነው፤ ድምፅ የሚሰጠው ተወካይ መጠነ ቁስ ነው። ከሁለቱ አንዱ ባዶ ከሆነ ብዜቱ ባዶ ነው። በ2010 ዓ.ም. ያ ሁሉ ወጣት ባይነሣ ኖሮ 169ኙ ሰዎች ለዚያ ምርጫ ባልተሰበሰቡም ነበር። ግፊያ በሩን ያስከፍታል፤ ማን እንደሚቀመጥ የሚወስነው ቆጠራ ነው፤ ቆጠራውንም የሚገዛው ደንቡ ነው።

ከቆጠራ በኋላም አንድ ነገር ይቀራል፤ እርሱም የተሸናፊው ፈቃድ ነው። ኢሕአዴግ በ2012 ዓ.ም. ፈርሶ ብልጽግና ፓርቲ ሲመሠረት ሕወሓት አብሮ አልገባም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ስንት ወንድምና እኅት አለቀ። ያን መከራ በአንድ የድምፅ ቆጠራ የምናሳብብ ሞኞች አይደለንም፤ ምክንያቱ ብዙና ጥልቅ ነው። ነገር ግን 108 ለ59 ለ2 የሚለው ቁጥር አሸናፊውን ይናገራል እንጂ የተሸነፈው በቤቱ እንዴት አብሮ እንደሚኖር አይናገርም። ይህን ቆጣሪ አይሠራውም፤ ሰው ይሠራዋል።

ስለዚህ በመጪው ምርጫችን ሦስት ነገር እንለምናለን። አንደኛ፣ መተዳደሪያ ደንቡ ዕጩዎቹ ሳይመዘገቡ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ተወካይ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት የክፍሉን ተማሪዎች ሰብስቦ ሐሳባቸውን ይጠይቅ። ሦስተኛ፣ ቆጠራው በሁላችን ፊት ይነበብ፤ የተሸነፈውም ዕጩ በዚያው መድረክ ላይ ቃሉን ይናገር።

ትልቁና ትንሹ ክፍል እኩል ተወካይ መላክ አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ እኛም የምንከራከርበት ነው። ነገር ግን እርሱን ከምርጫው በኋላ በጠቅላላ ጉባኤ እንነጋገርበት። ሩጫው ከተጀመረ በኋላ የመድረሻውን ገመድ ማንቀሳቀስ፣ ለሚወዱት ሯጭም ቢሆን፣ ነውር ነው።

ባለፈው ዓመት ተቀይመን የቀረን ሰዎች ዘንድሮ ተመልሰናል። ብንሸነፍም በሚቀጥለው ስብሰባ ከወንበራችን ላይ ታገኙናላችሁ።