ከመፍታት በፊት፤ በቤት ወርክሾፕ ስለሚገኝ የሃይድሮሊክ ፕሬስ ብልሽት



ከሐረር ወደ ጅጅጋ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ባቢሌን በለውዟ ያስታውሳታል። ለውዙን የሚያበቅለው ያ አሸዋማ አፈር ግን ለሃይድሮሊክ መሣሪያ ጠላት ነው። ዛሬ የምናገረው በእንዲህ ያለ ሥፍራ፣ በመኖሪያ ግቢ በተከፈተ ትንሽ ወርክሾፕ ስለሚሠራ ፕሬስ ነው። ይህ ፕሬስ አብዛኛውን ጊዜ ከብረት በተበየደ ማቀፊያ ውስጥ የከባድ መኪና ክሪክ የተቀመጠበት ነው። ኩሽኔት ያስገባል፣ ያስወጣል፤ የተጣመመ ዘንግ ያቃናል።

ሐሳቡ አሮጌ ነው። ፓስካል በ17ኛው ምዕተ ዓመት በገለጸው ሕግ ላይ ተመሥርቶ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1795 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። የፓምፑ ፒስተን ስፋት 1 ሳንቲ ሜትር ካሬ፣ የትልቁ 28 ቢሆን፣ ኃይሉ 28 ጊዜ ይባዛል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ዘይቱ እንዳያመልጥ መያዙ ነው። ብራማም የተቸገረው በዚሁ ነበር። ግፊት በበዛበት መጠን ይበልጥ የሚጠብቀውን የቆዳ መያዣ ያበጀለት በወርክሾፑ ይሠራ የነበረው ሄንሪ ሞድስሊ እንደሆነ ይነገራል። የዛሬው ጎሚኒም ሥራው ያው ነው።

«ፕሬሱ አቅም አጣ» ሲባል የብዙ ሠራተኞች የመጀመሪያ እርምጃ ቁልፍ አንሥቶ መፍታት ነው። በበኩሌ ይህን አልደግፍም። አቧራ ባለበት ግቢ የተከፈተ ክሪክ፣ ቀድሞ ያልነበረበትን በሽታ ይዞ ሊገጠም ይችላል። ከመፍታት በፊት እጀታውን መጠየቅ ይበጃል።

ፒስተኑን እስከ መጨረሻው አውርዶ የዘይቱን ልክ ማየት ይቀድማል፤ ፒስተኑ ወጥቶ ሳለ የሚሞላ ዘይት ሲወርድ ይተርፋል። ቀጥሎ የመልቀቂያውን ቫልቭ ከፍቶ እጀታውን ደጋግሞ በመምታት አየር ማስወጣት ነው። እጀታው እንደ ስፖንጅ የሚለሰልሰው አየር ሲገባበት ነው። አየር ከወጣ በኋላም ያለ ተቃውሞ ወርዶ ፒስተኑን ካላነሣ፣ የመሳቢያው ቫልቭ አልዘጋም፤ ዘይቱ ወደ መጣበት ይመለሳል። ጭነት እንዳለ እጀታው ራሱ ሽቅብ ከተነሣ ጥፋቱ የመላኪያው ቫልቭ ነው። እጀታው ጸጥ ብሎ ፒስተኑ ቀስ በቀስ ከወረደ ደግሞ የመልቀቂያው ቫልቭ ወይም የትልቁ ፒስተን ጎሚኒ ይጠረጠራል። በፒስተኑ ዙሪያ ዘይት ከታየ ጥርጣሬው ወደ ጎሚኒው ያደላል።

መፍታት ግድ ከሆነ ውጪውን አጥቦ፣ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፎ፣ ክፍሎቹን በንጹሕ ናፍጣ ማጠብ ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ከኳሷ ሥር የገባች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ናት። ኳሷ ከተጎዳች በልኳ አዲስ ተክቶ፣ በናስ ዘንግ አንድ ጊዜ ለስለስ አድርጎ መታ ማድረግ መቀመጫዋን ያስተካክላል።

አንድ ልማድ ግን ሳልነቅፍ አላልፍም፤ እርሱም የሃይድሮሊክ ዘይት ሲጠፋ የፍሬን ዘይት መጨመር ነው። የተለመደው የፍሬን ዘይት ግላይኮል እንጂ የማዕድን ዘይት አይደለም። ክሪኩ ለጥቂት ጊዜ የዳነ ይመስላል፤ ነገር ግን ለማዕድን ዘይት የተሠራው ጎሚኒ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። የጎሚኒ መለዋወጫ በቅርብ በማይገኝበት ሥፍራ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

አቅም ሲያንስ በእጀታው ላይ ቧንቧ መቀጠል፣ የመከላከያውን ቫልቭ ማጥበቅ ይታያል። ባለ 20 ቶን ክሪክ ፒስተኑ 6 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ በሙሉ ጭነት ውስጡ በሳንቲ ሜትር ካሬ 700 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት አለ። እንዲህ ካለ መሣሪያ የሚያፈስን ሥፍራ በጣት መዳሰስ አይገባም፤ ካርቶን ማስጠጋት ይበቃል። በግፊት የወጣ ዘይት ቆዳን በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያህልና ሕመሙ ቀላል ቢመስልም፣ ጣትን እስከ ማስቆረጥ ስለሚደርስ ፈጣን የቀዶ ሕክምና ይሻል። የተጎዳው ሰው በዚያው ሰዓት ወደ ሐረር ይሂድ፤ ለሐኪሙም የገባው በግፊት የተረጨ ዘይት መሆኑን ይንገር።