«ተዪ!» ከማለታችን በፊት
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ዛሬ የምናገረው አንዳንዶቻችን በሻሽ ስለምንሸፍነው ነገር ነው፤ የገዛ ፀጉርን በገዛ እጅ ስለ መንቀል። ከ12 ዓመቴ ጀምሮ አብሮኝ ስለኖረ፣ ከሐኪምም ከራሴም የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ሕመሙ ስም አለው። ሃሎፖ የተባለ ፈረንሳዊ የቆዳ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1889 ትሪኮቲሎማኒያ ብሎ ሰይሞታል። ከመቶ ሰው አንዱን ወይም ሁለቱን እንደሚይዝ ይገመታል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ10 እስከ 13 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። የሚነቀለውም የራስ ፀጉር ብቻ ሳይሆን ቅንድብና ሽፋሽፍትም ነው። ቤተሰብ የተመለጠውን ቦታ ሲያይ «ላሽ ነው» ብሎ ቅባት ይገዛል፤ ልጅቷም አፍራ ዝም ትላለች።

ሕመሙ ሁለት መልክ አለው። አንዳንዴ ጭንቀት ወይም ንዴት ሲመጣ፣ ወይም አንዷ ፀጉር ለጣት ስትሻክር፣ ውስጧ ይወጠራል። ስትነቅለው ለጥቂት ጊዜ ቅልል ይላታል፤ ከዚያ ኀፍረት ይከተላል፤ ኀፍረቱም ተመልሶ ጭንቀት ይሆናል። አንዳንዴ ደግሞ ስታነብ ወይም ቴሌቪዥን ስታይ እጇ ሳታውቀው ይሄዳል፤ የምትነቃው ጭኗ ላይ የወደቀውን ፀጉር ስታይ ነው። እንግዲህ «ተዪ!» ብሎ መጮህ ለመጀመሪያው ጭንቀት ይጨምራል። ለሁለተኛውስ፣ እጇ መሄዱን ያላወቀች ልጅ ምኑን ትተወው?

ታዲያ ምን ይረዳል? አዝሪንና ነን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ልማድን የመቀየር ሥልጠና አቀረቡ፤ ዛሬም ዋነኛው ሕክምና በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው።

መጀመሪያ፣ ማወቅ። ትንሽ ደብተር ይዛችሁ መቼ፣ የት፣ በየትኛው እጅ፣ ምን ተሰምቷችሁ እንደነቀላችሁ ጻፉ። እኔ ሁለት ሳምንት ስጽፍ፣ አብዛኛው ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ፣ በግራ እጄ መሆኑን አየሁ።

ሁለተኛ፣ ለእጅ ሌላ ሥራ መስጠት። ፍላጎቱ ሲመጣ እጃችሁን ጨብጣችሁ፣ ክንዳችሁን ከጎናችሁ አስጠግታችሁ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ቆዩ። ፍላጎቱ ይበረታል፣ ከዚያም ይበርዳል። ጥጥ የምትፈትሉ፣ ጥልፍ የምትጠልፉ እናቶች፣ ሳታውቁት መድኃኒቱን ይዛችኋል፤ እንዝርት የያዘ እጅ ፀጉር ለመንቀል ጊዜ የለውም።

ሦስተኛ፣ መንገዱን ማጥበብ። ወረንጦውን አርቁ፤ ማታ ሻሽ እሰሩ፤ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ላይ ፕላስተር ለጥፉ።

በአንድ ቀን አይለቅም። ቢያገረሽ ደብተሩን እንደገና ግለጡ። ጠበል የምትጠመቁም ተጠመቁ፤ በአቅራቢያችሁ ያለውን የአእምሮ ሕክምና ክፍል ግን አትተዉ። የነቀለችውን ፀጉር የምትውጥ ልጅ ካለች ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። ፀጉር ሆድ ውስጥ አይፈጭም፤ ተጠቅልሎ አንጀት ሊዘጋና ለቀዶ ሕክምና ሊያደርስ ይችላል።

ሹሩባ የምትሠሩ እህቶች፣ ብዙ ጊዜ ቀድማችሁ የምታዩት እናንተ ናችሁ። ሰው ፊት «ይሄ ምንድን ነው?» አትበሏት፤ ለብቻዋ፣ ቀስ ብላችሁ ጠይቋት። የስንደዶና የአለላ መግዣ የምትሰጡን ደጋፊዎቻችንም፣ ስጦታችሁ ከገቢ በላይ እንደሚሠራ እወቁልን። አብረን ስፌት ስንሰፋ እጃችን ሥራ ያገኛል፤ አንገታችንን ሳንደፋም እናወራለን።

ከስብሰባው በኋላ እዚሁ እቆያለሁ። ጠረጴዛው ላይ ትንንሽ ደብተሮች አሉ። መናገር ያልፈለገች አንዱን ይዛ ትሂድ፤ ማንም «ለማን ነው?» ብሎ አይጠይቃትም።