ቃር ላለበት ሰው የሚጥም ወጥ

በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ከአባላት አንዷ ያደረገችው ንግግር



«ስለ ጨጓራ ምግብ ንገሪን» ስትሉኝ በመጀመሪያ የመለስኩላችሁ ሐኪም አይደለሁም ብዬ ነው። አሁንም አይደለሁም። እኔ የማወራው ስለ ድስቱ ነው። አማቴ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ሰባት ዓመት ሆናቸው፤ ቃር አለባቸው። በሰባት ዓመት ውስጥ ደግሞ ሰው በርበሬ ሳይነካ፣ ቲማቲም ሳያስገባ፣ ሽንኩርት ሳያበዛ ወጥ ማጣፈጥ ይለምዳል።

አንድ ነገር እንለይ። እኛ ዘንድ ሁሉም ነገር «ጨጓራ» ነው። ሆዱን ያቃጠለውም፣ ደረቱን የለበለበውም፣ ያቅለሸለሸውም «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» ይላል። የጨጓራ ቁስለት ራሱን የቻለ በሽታ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ ተመርምሮ በመድኃኒት ይታከማል እንጂ ወጥ በመቀየር አይድንም። ቃር ሌላ ነው። ምግብ የሚወርድበት ቧንቧ ከጨጓራ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ እንደ ከረጢት አፍ የሚከፈትና የሚዘጋ ጡንቻ አለ። እሱ ሲላላ የጨጓራው አሲድ ወደ ላይ ይመለሳል። ጨጓራ አሲዱን የሚችልበት ሽፋን አለው፤ ቧንቧው ግን እንዲህ ያለ ሽፋን ስለሌለው ይለበለባል።

ይህን ያነሳሁት ወጥ ለምትሠራዋ ትልቅ ትርጉም ስላለው ነው። ቃር ያለበትን ሰው የሚያስቸግሩት ምግቦች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ የተጎዳውን ቧንቧ ያቃጥላሉ፤ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ቲማቲም፣ ሎሚ እዚህ ውስጥ ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ ያንን ጡንቻ ያላላሉ ወይም ምግቡ ጨጓራ ውስጥ እንዲቆይ ያደርጋሉ፤ ቅባት፣ ቡና፣ ቸኮሌት፣ አልኮል፣ ናና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሆድ እስኪነፋ መብላት። ብዙዎቻችን የምንጠነቀቀው ከመጀመሪያዎቹ ብቻ ነው። በርበሬውን እናስቀርና «ወጡ እንዳይቀል» ብለን ሁለት ጭልፋ ዘይት እንጨምራለን። ከዚያ በሽተኛው ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ሲያነጋ «አልጫ ሰጥቼው እንኳ አልተሻለውም» እንላለን። ዘይት የሚዋኝበት አልጫ ቃር ላለበት ሰው ከልክ ያለ ቀይ ወጥ አይሻልም። ይህን አጥብቄ ነው የምናገረው።

ሽንኩርት መሀል ላይ ነው። ጥሬው ብዙዎችን ይረብሻል፤ በደንብ የበሰለ ትንሽ ሽንኩርት ግን የሚስማማቸው አሉ። ሰው ከሰው ይለያያል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ቀን አትከልክሉ። ሁለት ሳምንት ያህል በልጆች ደብተር ላይ ምን እንደበሉ፣ ስንት ሰዓት እንደበሉ፣ መቼ እንዳቃጠላቸው ጻፉ። እኛ ቤት በዚህ መንገድ የታወቀው ነገር ቡናው ከሽንኩርቱ የባሰ መሆኑ ነው። አማቴ ደብተሩን ለማመን ብዙ ጊዜ ፈጅቶባቸዋል፤ ሦስተኛዋን ስኒ ትተው አሁን ቁርስ በልተው አንዲት አቦል ይጠጣሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ችግሩ ቃሩ ብቻ አይደለም። በአማርኛችን «አልጫ» ስድብ ነው፤ ወኔ የሌለውን፣ ጨዋታ የማያውቀውን «አልጫ ሰው» እንለዋለን። በሽተኛ ሆነህ «ከዛሬ ጀምሮ አልጫ ብላ» ስትባል ከሰው ተራ የወጣህ ያህል ነው። አማቴ ከሐኪም ቤት የከለከሏቸውን ዝርዝር ይዘው የመጡ ቀን ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱና «ታዲያ የቀረኝ ውኃ ነዋ» አሉ። ከዚያ ለብቻቸው በሳህን ሲቀርብላቸው ጊዜ «አልራበኝም» ማለት ጀመሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሰው ጋር ከአንድ ትሪ የበሉ ሴት ጥግ ላይ ሳህን ይዘው ሲቀመጡ ምግቡ ከጉሮሮ አይወርድም። በሁለት ወር ውስጥ ነጠላቸው ከትከሻቸው መንሸራተት ጀመረ። ስለዚህ ሥራው አልጫ መሥራት አልነበረም፤ ቤተሰቡ ሁሉ ከትሪው ላይ ሊሻማው የሚችል አልጫ መሥራት ነበር።

የቀይ ወጥ ጣዕም ከየት ይመጣል? ከበርበሬው ብቻ አይደለም። ሽንኩርቱ ቀስ እያለ ሲቁላላ ከሚሰጠው ጣፋጭነትና ውፍረት ነው። ሽንኩርቱን ስታስቀሩ ያ መሠረት አብሮ ይሄዳል፤ ሌላ መሠረት መጣል አለባችሁ። እኔ የምጠቀመው ዱባ፣ ካሮትና ባሮ ሽንኩርት ነው። ለአምስት ሰው ሁለት መካከለኛ ካሮት ፈቅፍቁ። የሁለት ጭብጥ ያህል ዱባ ልጣጩን አንሱና በስሱ ቆራርጣችሁ በደረቅ ምጣድ ላይ ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን አገላብጡት፤ ይህን አትዝለሉ፣ ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው። ከባሮው አረንጓዴውን ክፍል ብቻ አድቅቃችሁ ክተፉ። ሦስቱን በግማሽ ብርጭቆ ውኃ ድስት ውስጥ ከድናችሁ በዝግታ እሳት ሃያ ደቂቃ ያህል አቁላሉ፤ በማማሰያ ጨፍልቁት። ውኃው ሲመጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ። በጭልፋ ወይም ከጀሪካኑ በቀጥታ አትቅዱ፤ በማንኪያ ስፈሩ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ጨምራችሁ አንድ ሁለቴ አማስሉ። መሠረቱ ይኸው ነው፤ ክክም፣ ድንችም፣ ሥጋም ይሸከማል።

ለክክ አልጫ ሁለት ብርጭቆ የአተር ክክ ከመቀቀላችሁ በፊት በምጣድ ላይ ትንሽ አምሱት፤ ሽታው ሲነሳ በቂ ነው። ከዚያ አጥባችሁ ለብቻው ቀቅሉት፤ አረፋውን ግፈፉ። ሲፈርስ ወደ መሠረቱ ገልብጡት። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የሚያስቸግረው ሰው ከሆነ አትክተፉ፤ አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ዝንጅብል ቀጥቀጥ አድርጋችሁ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሩና ክኩ ሲንተከተክ አብራችሁ ጣሉ፤ ልታወጡ ስትሉ ቋጠሮውን አውጡት። ጠረኑ ይቀራል፣ ፍሬው ሆድ ውስጥ አይገባም። ለአማቴ ይህ ተስማምቷቸዋል፤ ለማይስማማው ደግሞ ጭራሽ መተው ነው።

መከለሻውን ለየት አድርጋችሁ አዘጋጁ። ገበያ የሚሸጠው ቁንዶ በርበሬ ይበዛበታል። እኔ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የተፈለፈለ ኮረሪማ፣ አንድ ነጭ አዝሙድ፣ አንድ ድንብላል፣ ግማሽ ጥቁር አዝሙድ ሞቅ አድርጌ በሙቀጫ እወቅጣለሁ፤ አፉ በሚገጥም ጠርሙስ አስቀምጣለሁ። ለአንድ ድስት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ የምትጨምሩትም እሳቱን አጥፍታችሁ ነው። ከዚያ ክዳኑን ገጥማችሁ አምስት ደቂቃ ተዉት። ቅመም ለረጅም ጊዜ ከተንተከተከ ጠረኑን የሚያገኘው የጎረቤት መስኮት ነው። ትኩስ በሶብላ ከተገኘማ ሁለት ቅንጣት ጣሉበት።

ቅቤም እንዲሁ ነው። በጾም ያልሆነ ቀን፣ በኮሰረትና በኮረሪማ የተነጠረ ቅቤ አንድ የሻይ ማንኪያ በመጨረሻ ላይ ከላይ ጠብ ስታደርጉበት ሙሉ ጭልፋ መጀመሪያ ከመጨመር የበለጠ ያውዳል። የአጥንት መረቅ ከሆነ ደግሞ በዋዜማው ቀቅላችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት ከላይ የረጋውን ስብ አንሱና በመረቁ ብቻ ሥሩ። ጨውን በመጨረሻ፣ በሁለት ጊዜ እየቀመሳችሁ ጨምሩ። በርበሬ የጨው ስሕተት ይሸፍናል፤ አልጫ አይሸፍንም።

ቀይ ካላየ ወጥ የቀረበለት የማይመስለው ሰውም አለ። ለእሱ ቀይ ሥር ከነልጣጩ ቀቅሉ፣ ላጡና ፈቅፍቁ፤ ከተቀቀለ ሦስት ካሮት ጋር ፈጭታችሁ በዚያው መሠረት ላይ አብስሉት። ቀለሙ ስልስ ይመስላል፤ ቲማቲም የለውም። ጣፋጭነቱ ስለሚያይል ድንብላሉን ጠንከር አድርጉት። የእኔ ልጆች በመኮሮኒ ይበሉታል።

ስለ ሽሮ አንድ ምሥጢር ልንገራችሁ። ነጭ ሽሮ አስፈጭታችሁ በሽተኛው አሁንም የሚያቃጥለው ከሆነ ወፍጮ ቤቱን ጠይቁ። ከእናንተ በፊት ምጥን ሽሮ ወይም በርበሬ ተፈጭቶበት ከሆነ ድንጋዩ ላይ የቀረው ሁሉ የሚወርደው እናንተ ጆንያ ውስጥ ነው። ጠዋት መጀመሪያ ሂዱ፤ ካልሆነም መጀመሪያ ሁለት ጣሳ እህል አስፈጭታችሁ ለብቻ ያዙ፣ ከዚያ የራሳችሁን ጨምሩ። ሸክላ ድስትም በርበሬ ይጠጣል፤ ለአልጫ አንድ ድስት ለዩ።

እንጀራም አለበት። ብዙ የቆየ ኮምጣጣ እንጀራ ለአማቴ አይስማማቸውም፤ አፍለኛውን ይወዳሉ። ሊጡ ገና ብዙ ሳይኮመጥጥ ለእሳቸው ሦስት አራት እንጀራ ቀድሜ እጋግራለሁ፤ የቀረው በወጉ ኩፍ ይላል።

ጾምን በተመለከተ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ ቆይቶ አንድ ጊዜ ብዙ መብላት፣ ያውም በዘይት የበዛ ምግብ፣ ቃር ላለበት ሰው ከባድ ነው። መጾም ወይም አለመጾሙን ሐኪሙና የንስሐ አባቱ ይወስኑለት። እኛ የምንችለው ሲበላ በትንሽ በትንሹ ከፋፍለን ማቅረብ ነው። ፋሲካ ደግሞ ይብሳል። ሃምሳ አምስት ቀን ከቅባት ርቆ የቆየ ሆድ በሌሊት በዶሮ ወጥና በቅቤ ይሞላል፤ ከዚያም ሰው ሄዶ ይጋደማል። አሲዱ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። እኔ ከአሥራ ሁለቱ ብልት ሁለቱን ለይቼ፣ የታጠበበትን ሎሚ በደንብ አለቅልቄ፣ በዱባው መሠረት የዶሮ አልጫ በትንሽ ድስት እሠራለሁ። በእኛ ቤት ፈረሰኛው የሚገባው አልጫው ውስጥ ነው። ባለቤቴ የመጀመሪያው ዓመት አኩርፎ ነበር፤ እናቱ ሲጎርሱ አይቶ ዝም አለ። ሌሊት ሲፈስኩ ጥቂት ይቀምሳሉ፣ ቁጭ ብለው ይጫወታሉ፤ ዋናውን ምግብ የሚበሉት ረፋዱ ላይ ነው። በሌላውም ቀን ቢሆን ከራትና ከመኝታ መካከል ሦስት ሰዓት ያህል ይኑር። ትራስ መደራረብ ሆድን ያጥፋል እንጂ አይጠቅምም፤ የአልጋውን የራስጌ እግሮች ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ሳንቲ ሜትር በሚሆን እንጨት ከፍ አድርጉ።

ወጡ ጥሩ ሆነ ብላችሁ የታዘዘ መድኃኒት አታስቁሙ። ኦሜፕራዞል የታዘዘለት ሰው ብዙ ጊዜ የሚወስደው ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ማዕድ የምታቀርቡበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ንገሩት። ምግብ አልዋጥ ካለው፣ ያለ ምክንያት ከከሳ፣ ደም ካስመለሰ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ድስቱን ትታችሁ ሐኪም ቤት ውሰዱት። የደረት ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ላብ ካጠመቀውም የልብ ሊሆን ይችላልና «ቃር ነው» ብላችሁ አንዲት ደቂቃ አትጠብቁ።

የቀረኝ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ነው። ለቅሶ ቤት ስናበስል፣ ሠርግ ላይ ስንረዳዳ ድስቶቻችን ሁሉ ቀይ ናቸው። ከመካከላችን ቃር ያለባቸው አሉ፤ ወይ ጾማቸውን ውለው ይመለሳሉ፣ ወይ «አፈር ስሆን፣ አንድ ጉርሻ» ስንላቸው እንዳያስቀይሙን በልተው ሌሊቱን ይሰቃያሉ። ከእንግዲህ በየዝግጅቱ አንድ ድስት አልጫ ዘይቱ በማንኪያ ተሰፍሮ ይሠራ፤ የራሱ ጭልፋ ይኑረው፤ ጭልፋው ላይ ነጭ ክር ይታሰርበትና ቀይ ወጥ ውስጥ አይግባ። «በቃኝ» ያለን ሰውም በቃው እንበል።

ነጭ ሽሮውን በጋራ ለማስፈጨት አስቤአለሁ። ሽምብራውን አብረን ገዝተን፣ አብረን ቆልተን፣ ቅዳሜ ጠዋት ወፍጮው ሌላ ነገር ሳይነካ ብንደርስ ለሁላችንም ይቀላል። የምትፈልጉ ስንት ኪሎ እንደሆነ ዛሬ ከመበተናችን በፊት ለጸሐፊያችን አስመዝግቡ። የበሶብላውንና የነጭ አዝሙዱን ልክ እኔ አመጣለሁ፤ ነጭ ሽንኩርት ግን አንጨምርበትም፤ የፈለገች ከቤቷ ትጨምር።