ሰፌድ ይዞ ወደ ደጅ

አራት አምስት ዓመት የሆነው ልጅ ቤታችሁ ካለ፣ አንድ ሰፌድ ይዛችሁ አብራችሁት ደጅ ውጡ። የወደቀ ቅጠል ይልቀም፤ ከዛፍ መቀንጠስ የለም። ሰፌዱ ሲሞላ ስም ለማስጠናት አትቸኩሉ። «የትኛው ከየትኛው ጋር ይሁን?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። ዝም ማለቱ ነው ለእኛ ለትልልቆቹ የሚከብደን። አንዱ ልጅ በመጠን ይለያል፣ ሌላው በሻካራና በለስላሳ።

ከዚያ ጠጋ ብሎ ማየት ነው። የወይራ ቅጠል ፊቱ አረንጓዴ፣ ጀርባው ፈዘዝ ያለ ነው። የኮባ መስመሮች ከመሃል ተነስተው ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ የጎመን ግን እንደ መረብ ይጠላለፋሉ። ልጁ በጣቱ ይከተላቸው።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ነጭ ባሕር ዛፍ ነው። ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ለጋ ቅጠል ክብ ቢጤ፣ ሰማያዊ የሚመስል፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የበቀለ ነው። የትልቁ ዛፍ ቅጠል ደግሞ ረጅምና እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው። ልጆች ሁለቱን ለየብቻ ይከምራሉ። አታርሟቸው፤ ያዩትን ነው የለዩት። ይልቅ ሁለቱንም በጣታቸው አሽተው ያሽትቱ። ሽታው ያው ነው! ያን ጊዜ ወደ ዛፉ ውሰዷቸው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ሳማ ይለበልባል፤ የቅንጭብና የቁልቋል ወተት ዓይን ይጎዳል። እነዚህን አስቀድማችሁ ከሩቅ አሳዩ። ሲገቡ እጃቸውን ይታጠቡ። ሰፌዱንም አራግፋችሁ መልሱ፤ ነገ እህል ይበጠርበታል።