የባሕር ኮከብ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የሳይንስ ክበብ አባሎች ያደረግነው ንግግር)



በሳይንስ ክፍላችን መደርደሪያ ላይ፥ በጠርሙስ ውስጥ የተቀመጠ አምስት ክንድ ያለው ደረቅ ፍጥረት አለ። ጠርሙሱ ላይ «የኮከብ ዓሣ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ነበር። ከእኛ መካከል ባሕርን በዓይኑ ያየ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ዓሣ ነው ሲባል አምነን ኖረናል። ነገር ግን ዓሣ አይደለም፤ ሥራ ፈት መስሎ ቢታይም የብዙ ፍጥረት ኑሮ በእርሱ ላይ የቆመ ነው።

ዓሣ አከርካሪና ክንፍ አለው፤ ይህ ግን ሁለቱም የሉትም። የቅርብ ዘመዱ የባሕር ጃርት ነው። አንጎልም ደምም የለውም። በጀርባው ላይ ባለች እንደ ወንፊት በተበሳሳች ቦታ የባሕሩን ውሃ ያስገባና በቧንቧዎች ወደ ክንዶቹ ያደርሳል፤ በክንዶቹ ሥር ያሉት በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን እግሮች የሚንቀሳቀሱት በዚህ ውሃ ግፊት ነው። በየክንዱ ጫፍም ብርሃንን ከጨለማ የምትለይ አንዲት ዓይን መሰል ነጥብ አለችው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው አመጋገቡ ነው። ሁለት ክዳን ያለው ዛጎል ሲያገኝ በእግሮቹ አጥብቆ ይይዝና ሳይታክት ወዲያና ወዲህ ይስበዋል። ክዳኑ ጥቂት የከፈተ እንደ ሆነ፥ የገዛ ጨጓራውን በአፉ አውጥቶ በዚያች ስንጥቅ ያሾልከዋል፤ ባለቤቱን እቤቱ ውስጥ አሟሙቶ ከበላ በኋላ ጨጓራውን መልሶ ይሰበስባል። አንዱ ጓደኛችን ይህን ሲሰማ «ሳይጠሩት መጥቶ ባለቤቱን የሚበላ እንግዳ!» ብሎ አስቆናል።

እ.ኤ.አ. በ1963 ሮበርት ፔን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ፥ በዋሽንግተን ግዛት በፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳር ከአንድ ዓለት ላይ የባሕር ኮከቦችን እየነቀለ ወደ ባሕር ይወረውር ጀመር። አጠገቡ ያለውን ዓለት ግን አልነካም። ኮከቦቹ በተነሡበት ስፍራ ዛጎሎቹ የሚበላቸው ስለ ጠፋ ቦታውን ሁሉ ያዙት፤ በ1966 ባወጣው ጽሑፍ እንደ ገለጸው ከ15 ዓይነት ፍጥረት የቀረው 8 ብቻ ነበር። እኛ በላተኛ ሲጠፋ ሁሉም የሚበዛ መስሎን ነበር! ፔን በ1969 እንዲህ ያለውን ፍጥረት በቅስት አናት ላይ ካለው ድንጋይ ጋር አመሳሰለው፤ ያ ድንጋይ ሲወጣ ቅስቱ ይፈርሳልና።

ከ2013 ጀምሮ ግን በዚያው ባሕር ዳር ክፉ በሽታ ገባ። የታመመው ኮከብ ክንዶቹ ይጣመማሉ፤ ከአካሉ ይለያሉ፤ ሥጋውም በጥቂት ቀን ይሟሟል። እስከ 24 ክንድ የሚያበቅለው ትልቁ የሱፍ አበባ ኮከብ ከመቶው 90 ያህሉ አለቀ። እርሱ ይበላቸው የነበሩት የባሕር ጃርቶች በዙ፤ ባሕሩም በሞቀባቸው ዓመታት በሰሜን ካሊፎርኒያ ኬልፕ የሚባለውን የባሕር ውስጥ ደን ግጠው ጨረሱት። የበሽታው መንሥኤ አንድ ባክቴሪያ መሆኑ የታወቀው ገና በ2025 ነው።

ዛሬ በዋሽንግተን ግዛት በአንድ የባሕር ምርምር ጣቢያ የሱፍ አበባ ኮከብን ከእንቁላል ጀምረው ያሳድጋሉ። ሥራው አድካሚ ነው፤ ግልገሎቹ እርስ በርሳቸው ይበላላሉና።

ጠርሙሱን ለማየት የምትፈልጉ ከንግግሩ በኋላ ወደ ሳይንስ ክፍል ብቅ በሉ። ጽሑፉን ዛሬ ጠዋት ለውጠነዋል።