ጉዳት የደረሰበት ሰውና ጠበቃው



በቀድሞው ዘመን በጎጃም አገር ተበደልሁ የሚል ሰው የነጠላውን ጫፍ ከባላጋራው ነጠላ ጋር ቋጥሮ፣ «በሕግ አምላክ!» እያለ ወደ ዳኛ ይሄድ ነበር። ጠበቃ የሚባለውም አንደበቱ የቀና፣ ምሳሌ ማምጣት የሚያውቅና በተጠየቅ ሙግት የሚረታ ሰው ነበር። ዛሬ ግን የሚረታው ማስረጃ ነው።

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አልፎ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ የጭነት መኪና ብዙ ነው። ወደ ገበያ የሚወርድ አንድ ገበሬ በዚህ መንገድ ላይ ተገጭቶ እግሩ ተሰበረ እንበል። ሽማግሎች ገብተው የሕክምናው ወጪ ይከፈለዋል፤ ገበሬውም ባላነበበው ወረቀት ላይ ጣቱን ያትማል። እግሩ ግን ሳይድን ይቀራል፤ ማረስም አይችልም። በሦስተኛው ዓመት ከተማ ወዳለው የወንድሙ ልጅ ይመጣል። ያ የወንድም ልጅ፣ ክቡር አንባቢ ሆይ፣ ምናልባት እርስዎ ነዎት። ምን ብለው ይመክሩታል?

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የመኪና ባለቤት እርሱ ራሱ ባያጠፋም እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ጥፋቱ የተጎጂው በሆነ መጠን ግን ኃላፊነቱ ይቀንሳል ወይም ይቀራል። ተጎጂውም በ2 ዓመት ውስጥ ክስ ማቅረብ ይገባዋል። ይሁን እንጂ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ሲሆን፣ የሚጸናው ረጅሙ ነው። ስለዚህ «ጊዜው አልፏል» የተባለ ሁሉ አልፏል ማለት አይደለም፤ የታተመው ወረቀት ግን ሌላ ብርቱ እንቅፋት ነው። ይህን ለይቶ የሚያውቅ የሠለጠነ ዓይን ያስፈልጋል።

በ1956 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሕግ ፋኩልቲን ከከፈተ ወዲህ፣ ጥብቅና የትምህርት ሙያ እየሆነ መጥቷል። ሆኖም ዲፕሎማው ብቻውን በቂ አይደለም፤ ሰውየው ያለፈበትንም ሥራ መመርመር ይገባል። ዳኛ የነበረ ጠበቃ ምስክርነት እንዴት እንደሚመዘን ያውቃል። ዐቃቤ ሕግ የነበረ የፖሊስን መዝገብና የአደጋውን ሥፍራ ንድፍ ማንበብ ይችላል። በመድን ድርጅት ነገረ ፈጅ የነበረ ደግሞ ካሣ ከፋዩ ሒሳቡን በምን መንገድ እንደሚያሳንስ ጠንቅቆ ያውቀዋል።

እንግዲህ ጠበቃ ስትመርጡ ይህን ጠይቁ፦ ፈቃዱ ጉዳዩ በሚታይበት ፍርድ ቤት ያስቆመዋልን? እንዲህ ያለ የአካል ጉዳት ክርክር ከዚህ በፊት ይዟልን? የጠፋውን የወደፊት ገቢ በሐኪም ማስረጃ አስደግፎ ማስላት ያውቃልን? ክፍያውንስ በጽሑፍ ይዋዋላልን? በንግግሩ ጣፋጭነትና በቢሮው ማማር ግን አትማረኩ።

ገንዘብ የለኝም የሚል ሰውም ተስፋ አይቁረጥ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ድኃ መሆኑን ያስረዳ ሰው ዳኝነት ሳይከፍል እንዲከስ ይፈቅድለታል።

ዕርቅ መልካም ነው፤ ሽማግሎቻችንም የተከበሩ ናቸው። ነገር ግን ቁስሉ ሳይታወቅ የሚፈረም ዕርቅ ለአንደኛው ወገን ዕረፍት፣ ለሌላው የዕድሜ ልክ ዕዳ ነው። ስለዚህ ከገጠር ለሚመጣው ዘመዳችሁ አስቀድማችሁ ይህን አንድ ቃል ንገሩት፦ ሐኪም ሳያይህና ሕግ የሚያውቅ ሰው ሳያነብልህ ጣትህን አታትም።